ስትሮንቲየም-90 በአጥንት ውስጥ፦ በየዕድሜው የማስላት ሥራ የት ደረሰ

የኑክሌር ሙከራ ብናኝ በሰው አጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚከማች በኤክሴል የማስላቱ ሥራ በመጨረሻ መስመር ይዟል። ሕፃኑም አዋቂውም በአንድ ቀመር እየሄዱ ነው፤ ደስ ይላል።

መነሻው ብዙ አያስቸግርም። በብናኙ ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ስትሮንቲየም-90 ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ከሣር ወደ ላም፣ ከወተት ወደ አጥንት ይሄዳል። ግማሽ ዕድሜው (በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 28.8 ዓመት ነውና በየዓመቱ በ0.976 ማባዛት ነው። መለኪያው በአንድ ግራም ካልሲየም ስንት ፒኮኩሪ (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) የሚለው ይሁን። በኪሎ አጥንት ማስላት ፈጽሞ አይመከርም፤ የአጥንት እርጥበትና ቅባት በዕድሜ ስለሚለያይ ሕፃንና አዋቂ አይወዳደሩም። አንጀትና ኩላሊት ከስትሮንቲየም ይልቅ ለካልሲየም ስለሚያደሉ አዲስ አጥንት የሚይዘው ምግቡ ካለው ሩብ ያህሉን ነው።

የዘንድሮ = የአምና × 0.976 × (1 − አ) + 0.25 × የምግብ × አ

«አ» በዓመቱ አዲስ የገባው ካልሲየም በአጽሙ ጠቅላላ ካልሲየም ውስጥ ያለው ድርሻ ነው። ፈተናው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አዋቂ ስለማያድግ የእሱ «አ» የሚመጣው አሮጌው አጥንት ፈርሶ ከመታደሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ለመላው አጽም አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህ ያሳስታል። 80 በመቶ የሚሆነው ጥቅጥቁ አጥንት በዓመት 3 በመቶ ገደማ ይታደሳል፤ 20 በመቶው ስፖንጃማ ግን 20 በመቶ ገደማ። ምግቡ 20 ፒኮኩሪ ቢኖረው አዲሱ አጥንት 5 ይይዛል። በአንድ ዓመት ስፖንጃማው 1.0፣ ጥቅጥቁ 0.15፣ መላው አጽም 0.32 ይደርሳል። ስፖንጃማ ከሚበዛበት የጀርባ አጥንት አንጓ ናሙና ወስዶ «አጽሙ ይህን ያህል አለው» የሚል ሰው መጠኑን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያጋንን ይችላል። ከጭን አጥንት መሃል የወሰደ ደግሞ ከግማሽ በታች ያደርገዋል።

ለመላው አጽም አንድ ቁጥር የመስጠቱ ስህተት በጊዜ ብዛትም አይስተካከልም። ምግቡ ወዲያው ቢጸዳ ከ10 ዓመት በኋላ ሁለቱም አጥንቶች 0.08 እና 0.09 መካከል ይገናኛሉ። በአንድ አማካይ «አ» (0.064) የሠራ ግን 0.13 ያገኛል፤ በግማሽ ያህል በልጦ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ይከፈት፤ አማካዩ መጨረሻ ላይ ይሠራ።

ሕፃን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ዓመት አጽሙ ከሞላ ጎደል አዲስ ስለሆነ «አ» ወደ 1 ይጠጋል፤ ውጤቱ 5፣ የአዋቂው 16 እጥፍ ገደማ። የጨቅላ አንጀት ስትሮንቲየምንና ካልሲየምን በደንብ ስለማይለይ 0.25ን ለእሱ መጠቀም እንኳ አሳንሶ መገመት ነው። ከዚያ መጠኑ እየወረደ ሄዶ በጉርምስና እንደገና ቀና ይላል፤ በዚያ ዕድሜ በቀን 300 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አጥንት ውስጥ ይገባል። ለፅንስ የእናቲቱ የእርግዝና ወራት ምግብ ይግባ፤ እንግዴ ልጁ ተጨማሪ ወንፊት መሆኑም አይዘንጋ።

ለማመሳከሪያ ከወተት ጥርስ የተሻለ የለም። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከ300,000 በላይ ጥርሶች ተሰብስበዋል። የጥርስ አክሊል አንዴ ከተሠራ አይታደስም፤ «አ» ዜሮ ሆኖ 0.976 ብቻ ይቀራል። ጥርሱ በ7 ዓመት ቢወልቅ 16 በመቶው ጠፍቷል። ከልደት ዓመት ጎን ልኬቱ የተደረገበት ቀን ካልተጻፈ የጠፋውን መልሶ ማስላት አይቻልም።