ማሪቱን በሁለት ዓይን

ደሴ ውስጥ ታዋቂ ሰው መሳል ድፍረት ይጠይቃል። የጦሳን ተራራ ብትስል ማንም አይከራከርህም። ዘፋኟን ማሪቱ ለገሰን ብትስል ግን ከተማው ሁሉ ሐያሲ ነው። "አፍንጫዋ እንዲህ አይደለም" ይልሃል ማኪያቶ የሚያቀርብልህ ልጅ ሳይቀር።

እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ፒያሳ ያለ አንድ ካፌ ግድግዳውን ሲፈቅድልኝ ሰው የሚከራከርበት ነገር ልስቀልበት አልኩ። ማንን እንደምስል ለማወቅ ፀጉር ቤቶችን ዞርኩ። ሕዝቡ ማንን እንደሚወድ የፀጉር ቤት ግድግዳ ይነግርሃል። የአውሮፓ ኳስ ተጫዋቾችን ተውኳቸው፤ ፖስተራቸው በየቦታው ሞልቷል። አበበ ቢቂላን፣ ደራርቱ ቱሉንና ማሪቱን ያዝኩ።

ስለ ዕቃው ብዙ የሚወራ የለም። አቡጀዲ በጣውላ መወጠር፣ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት እጅ መቀባት፣ ከዚያ አክሪሊክ። ክረምት ላይ ግን የደሴ ጉም ቀለም አያደርቅም። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ ይዘህለት ውረድ፤ እዚያ ሙቀት አለ።

መንገዱን ያሳየኝ አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ነው። የፊልም ተዋናይዋ ማሪሊን ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1962 እንደሞተች፣ ለአንድ ፊልም ማስታወቂያ የተነሳችውን ፎቶ ወስዶ 50 ጊዜ ደጋገመው። ግማሹ በደማቅ ቀለም ነው። ግማሹ ጥቁርና ነጭ ሆኖ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚያው ዓመት ደግሞ ብቻዋን በወርቃማ መደብ መሃል አስቀመጣት፣ ልክ እንደ ቅድስት። ሰውየው ፒትስበርግ ውስጥ በምሥራቃዊ ሥርዓት ቤተክርስቲያን የቅዱሳን ሥዕል እያየ ያደገ ነው። የእኛን የቤተክርስቲያን ግድግዳ እያየ ላደገ ሰው ይህ ምኑም እንግዳ አይደለም።

እና ማሪቱን በዚያው በእኛ አሣሣል ልሞክራት አሰብኩ። ትልልቅ ዓይን፣ ወፍራም መስመር፣ ቢጫ መደብ። አክሊለ ብርሃን ግን የለም፤ እሱ ለቅዱሳን ይቆይ። ቀለም ከመንካቴ በፊት ሁለት የእርሳስ ንድፍ ሠራሁ። በአንዱ ፊት ለፊት ታያለች። በሌላው ወደ ጎን ዞራ ትዘፍናለች። ሁለቱንም ይዤ ሰፈር ውስጥ ማሳየት ጀመርኩ።

ጎረቤታችን እማማ የጎኑን አይተው ደነገጡ። "አንተዬ፣ ማሪቱ ምን አጠፋች?"

ነገሩ ገባኝ። በቤተክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ባለ አንድ ዓይን ሆኖ በጎን የሚሳለው ሰይጣንና የሰይጣን ወገን ነው። እማማ ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩት ነው። ያንኑ ንድፍ ለፀጉር ቆራጬ አሳየሁት። እሱ ሙስሊም ነው። የመረጠው የጎኑን ነው። "ሰው እየተጣራች ነው" አለኝ።

እንግዲህ ወሎ ነው፤ ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው። ትከሻዋን ወደ ጎን አዙሬ ፊቷን ወደ ተመልካቹ መለስኩት። ፀጉር ቆራጩ መጥቶ አየና "አሁን ደግሞ እኔን ነው የምትጣራው" አለ። ከሁሉም በላይ የተማርኩት እዚህ ላይ ነው፦ ንድፍህን ቀድመህ አሳይ፣ የምታሳየውም ለሠዓሊ ጓደኞችህ አይሁን።

ደራርቱን ፊቷን ትቼ በእጆች ብቻ ሣልኳት። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ሁለት እጅ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ብዙ ሰው ወዲያው አወቃት። ወጣቶቹ ግን ጠየቁኝ፤ ስለዚህ ከሥሩ "ባርሴሎና" ብዬ ጻፍኩበት።

ስለ ፎቶም ላንሳ። በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ2 ድምፅ የዋርሆልን ፋውንዴሽን ክርክር ውድቅ አድርጎ ለፎቶ አንሺዋ ለሊን ጎልድስሚዝ ፈረደላት። ክርክሩ ዋርሆል እሷ ካነሳችው የዘፋኙ የፕሪንስ ፎቶ ስለሠራው ሥዕል ነበር። እኛም የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለን። ስለዚህ አንድ ፎቶ ላይ ተጣብቄ አልገለብጥም። ብዙ ፎቶ አያለሁ፣ ስልኬን አጠፋለሁ፣ ከዚያ በቃሌ እስላለሁ። መልኩ ትንሽ ቢሸሽም ሥዕሉ የእኔ ይሆናል።

አበበን ያለ ፊት ነው የሣልኩት። ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ መጨረሻ ምሽት፣ ሮም። ባዶ እግር፣ የሮም ድንጋይ፣ ቁጥር 11። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

እሱን ያየ አንድ የባጃጅ ሹፌር ለኋላ መስታወቱ ስቲከር እንዳደርግለት ለምኖኛል። ብቻ ፊቱ ይግባበት ይላል። ቁጥር 11 ትበቃለች ስለው "ተሳፋሪው ታርጋ ይመስለዋል" ብሎ አሳቀኝ። እስካሁን አልተስማማንም።