አምፖሉ እስኪሞቅ

ዛሬ ከሰዓት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት በርጫ ላይ ነበርን። የአባቱን ባለ አምፖል አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) አስጠግኖ ከኔ ባለ ትራንዚስተር ጋር ሊያፎካክር ነው። አምፖሎቹ ቀላ እስኪሉ ጠበቅንና የድምፃዊ አሊ ቢራን ዘፈን ከፈተው፤ አቦ፣ ምንጣፉ ላይ አብሮን የተቀመጠ ነው የሚመስለው! ከዚያ በዚያው ስፒከር የኔን ሞከርን። ቤዙ ጠበቅ፣ ከበሮው ጥርት አለ፣ ግን ያ ለዛ ቀነሰ። ለነገሩ ያ "ሙቀት" የምንለው አምፖሉ ራሱ የሚጨምረው መዛባት ነው፣ በተለይ ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚሰማው፤ ጆሮ ይወደዋል። ድምፁን ከፍ አድርገን ስንለቀውም ትራንዚስተሩ አቅሙ ሲያልቅ ድንገት ይሰነጠቃል፣ አምፖሉ ቀስ እያለ ነው። እኔ አምፖሉን መርጫለሁ። ብቻ በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ ሌላ ምድጃ መለኮስ... ቬንትሌተሩን ብንከፍት ደግሞ ጩኸቱ ዘፈኑን ይበላዋል። በላብ ተጠምቀን ሰማን።