ውድ ክፍልዎ

ጥምቀት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ፒያሳ አጠገብ ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የአልጋ ማስያዣ ዌብሳይት በፒኤችፒ፣ ማለትም በዌብሳይት መሥሪያ የኮድ ቋንቋ፣ ሠርቼ ነበር። ለከተራ ለሚገቡት እንግዶች የማረጋገጫ ኢሜይል በተላከ ማግሥት፣ ባለቤቷ ገና በጠዋቱ ደወሉልኝ።

“ልጄ፣ ምን በደልሁህ? ‘ውድ ክፍልዎ ተይዟል’ ብለህ ላክህላቸው። ጥምቀት ደረሰ ብላ ዋጋ ሰቀለች ሊሉኝ ነው!”

ከፍቼ አየሁት። “ውድ” ካለ በኋላ የእንግዳው ስም የለም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያስቀመጥኋት ነጠላ ሰረዝም የለችም። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ግን ስሙንም ኮማውንም ይዞ ሄዷል።

ቢሮ ገብቼ ሳወራ፣ በልምድ የሚበልጠኝ ባልደረባዬ ኮዱን እንኳ ሳያይ “ስንቴ ልንገርህ፣ አማርኛ ለኮድ አይሆንም። አውጣውና ሁሉንም በእንግሊዝኛ ላክ” አለኝ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኼ ነው። “የፊደሉ ጥፋት ከሆነ አሳየኛ” አልሁት። “ጊዜ የለኝም” ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

በኮዱ ውስጥ የእንግዳውን ስም የሚተካው ቫሪያብል ነው፤ በዶላር ምልክት የሚጀምር፣ ስሙን የሚይዝ መጠሪያ። መጀመሪያ ደብዳቤው ኮዱ ውስጥ የተጻፈበትን ድርብ ጥቅስ በነጠላ ቀየርሁ። ባሰ። ነጠላ ጥቅስ ውስጥ ፒኤችፒ ቫሪያብል አይተካምና የዶላር ምልክቱ ከነቫሪያብሉ ስም እንዳለ ወጣ። መለስሁትና የሰርቨሩን የኤረር ሎግ፣ ስሕተት የሚመዘገብበትን ፋይል፣ ከፈትሁ። የሌለ ቫሪያብል ጠርተሃል ይላል። የቫሪያብሉን ስም ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፉ ላይ “፣” ተለጥፋለች።

ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች ነው። ፒኤችፒ ከ128 እስከ 255 ያለውን ባይት ሁሉ በቫሪያብል ስም ውስጥ እንደ ፊደል ይቀበላል። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሦስቱም ከ127 በላይ። “፣”ም እንደዚያው፤ ለእኛ ሥርዓተ ነጥብ ብትሆንም ለእሱ የስሙ ቅጥያ ናት። የእንግሊዝኛው ኮማ ግን ቁጥሩ 44 ስለሆነ ስሙን እዚያው ያስቆመዋል። ከቫሪያብሉ ኋላ የሚጣበቁት “ን” እና “ም”ም ያው ናቸው፤ አማርኛ ደግሞ ያለ እነሱ ሩቅ አይሄድም።

ስሙ የት እንደሚያበቃ እንዲታወቅ ቫሪያብሉን ከነዶላር ምልክቱ በጥምዝ ቅንፍ ከበብሁት። ሁለት ምልክት ብቻ! ለባልደረባዬ ሳሳየው “በእንግሊዝኛ ቢሆን ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር” አለ።

ደብዳቤውን ይቅርታ ጨምሬ፣ እያንዳንዱን እንግዳ በስሙ ጠርቼ፣ በአማርኛ እንደገና ላክሁት። ለባለቤቷም አንድ ቅጂ አደረስሁ። ደውለው የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡልኝ፤ ነጠላ ሰረዟ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ወሰዱ።