ፊደሌን ይዤ አይአርሲ ገባሁ፦ የስድስት ሳምንት ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ዴቢያን 12 የሚባለውን ሊኑክስ ላፕቶፔ ላይ ከጫንኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሁሉም ነገር ይሠራል፤ አማርኛ ግን አይነበብም። የትኛውንም የአማርኛ ጽሑፍ ስከፍት ፊደሉ በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል። የራሴን ቋንቋ ማንበብ በማልችልበት ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። እርዳታ ፍለጋ ስገባ መመሪያው ሁሉ አንድ ቦታ ይጠቁመኛል፦ አይአርሲ፣ ሰዎች በኢንተርኔት በጽሑፍ የሚወያዩበት መድረክ። ስሙን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ድሮ የቀረ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ትንሽ አነበብኩ። ነገሩ የተጀመረው ፊንላንድ ውስጥ፣ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ያርኮ ኦይካሪነን በእረፍት ወራት ሥራው የትምህርት ክፍሉን ሰርቨር ይጠብቅ ነበር። ሥራው ጊዜውን ሁሉ አልሞላለትምና በትርፉ ሰዓት የመወያያ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። እነሆ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ለኛ ለቴሌግራም ልጆች መጀመሪያ ግር የሚለው ይሄ ነው፦ ቴሌግራም አንድ ነው፣ አይአርሲ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ኔትወርክ የየራሱ ሰርቨሮች አሉት፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። የዴቢያን ሰዎች ያሉት ኦኤፍቲሲ የሚባለው ላይ ነው። ሊቤራ ቻት ደግሞ ሌላ ነው፤ በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ፍሪኖድ ከሚባለው ኔትወርክ በጎ ፈቃደኞች ወጥተው ያቋቋሙት። ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ የለም። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታም አይበላም፤ ፓኬጅ እየቆጠርን ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅምት 5

ሄክስቻት የሚባለውን ክላየንት (አይአርሲ የሚገባበት ፕሮግራም) ጫንኩ። ኋላ ላይ አንድ ጓደኛዬ ልማቱ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንደቆመ ነገረኝና ዊቻት ወደሚባል ሌላ የአይአርሲ ክላየንት ቀየርኩ። ለመጀመሪያ ቀን ግን ሄክስቻት ቀለለኝ። ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ በር ቁጥር) 6697 መምረጥ አትርሱ፤ የተመሰጠረው መስመር እሱ ነው።

ኒክ፣ ማለትም የምጠራበትን ስም፣ ምረጥ አለኝ። በአማርኛ ጻፍኩ። ሰርቨሩ 432 የሚል ቁጥር መለሰልኝ፤ «ስሙ ልክ አይደለም» ማለት ነው። ኒክ የሚቀበለው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። ቅር አለኝ። በላቲን ጽፌ ገባሁ።

የቻናል (እዚህ ሁሉም የሚጽፍበት የመወያያ ክፍል ነው) ስም የሚጀምረው በመሰላል ነው፤ ሂሳብ ስንሞላ መጨረሻ ላይ የምንነካት ምልክት። ስላሽ፣ ጆይን፣ ከዚያ መሰላሉና የቻናሉ ስም። በቃ፣ ውስጥ ናችሁ።

ጥቅምት 6

ትናንት ማታ ከገባሁ በኋላ የጻፍኩት ይሄን ነበር፦ «ሰላም፣ ሰው አለ? አንድ ጥያቄ መጠየቅ እችላለሁ?» ማንም አልመለሰም። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩና ወጣሁ። ተናድጄ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ገባኝ። እዚያ ያሉት ሰዎች ክላየንታቸውን ከፍተው ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ብቅ ሲሉ የሚመለስ ጥያቄ ካገኙ ይመልሳሉ፤ «ሰው አለ?» ብቻ ካገኙ ግን ምን ይመልሳሉ? ሌላው ደግሞ አይአርሲ የኋላ ታሪክ አያስቀምጥም። እኔ ከወጣሁ በኋላ መልስ የሰጠኝ ሰው ቢኖር እንኳ አላየውም።

ስለዚህ ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገባሁ። አውሮፓ ከሥራ የወጣበት፣ አሜሪካ ደግሞ ቀን የሆነበት ሰዓት ነው፤ ቻናሉ ይሞቃል። ጥያቄዬን በአንድ መስመር ጻፍኩ፦ የትኛው ዴቢያን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንዳየሁ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ምሳቃዬን አጠብኩ፣ ተመለስኩ፣ ምንም የለም። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንድ ሰው ኒኬን ጠርቶ ጠየቀኝ፦ አማርኛን የሚደግፉ ፎንቶችን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ስትሰጥ ምን ይወጣል? ሞከርኩት። ምንም አልወጣም፤ ባዶ መስመር። «እንግዲያው ፎንት የለህማ» አለና የአንድ ጥቅል ስም ላከልኝ፤ አቢሲኒካ የሚባለው፣ ኤስአይኤል የተባለ ድርጅት የሠራው ፎንት።

ጫንኩት። ፋየርፎክስን ዘግቼ ከፈትኩት። ሳጥኖቹ ጠፍተው በቦታቸው ፊደል ተደርድሯል። ገጹ ስለ ሽንኩርት ዋጋ የሚያወራ ተራ ዜና ነበር፤ ከላይ እስከ ታች አንድም ቃል ሳላልፍ አነበብኩት። አገሩን የማላውቀው፣ ስሙን የማላውቀው ሰው ነው ፊደሌን የመለሰልኝ። አመሰገንኩት። «አይዞህ፣ ደህና እደር» ዓይነት ነገር ጽፎ ዝም አለ።

ጥቅምት 14

እባካችሁ ይቺን በደንብ አንብቡ። ሊቤራ ላይ ኒኬን አስመዝግቤ ነበር። ስገባ ኒክሰርቭ ለሚባለው አገልግሎት ፓስወርዴን መላክ አለብኝ። ትእዛዙ የሚጀምረው በስላሽ ነው። ዛሬ ከሌላ ቦታ ገልብጬ ስለጥፈው ከስላሹ በፊት አንዲት ባዶ ቦታ ገባች። ክላየንቱ ስላሽን ትእዛዝ ብሎ የሚያነበው የመስመሩ የመጀመሪያ ምልክት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉው መስመር፣ ከነፓስወርዴ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ቻናል ላይ እንደ ተራ ወሬ ተለጠፈ።

ደነገጥኩ። አይአርሲ ላይ የላኩትን መሰረዝ የለም። ወዲያው ሁለት ሰዎች «አሁኑኑ ቀይረው» አሉኝ፤ አንዱ የሚቀየርበትን ትእዛዝ ጻፈልኝ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቀየርኩት። ማንም አልሳቀብኝም። ከዚያ ሳስል የሚባለውን አሠራር አስተካከልኩ፤ ክላየንቱ ገና ሲገናኝ፣ ቻናል ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ማንነቴን ራሱ ያረጋግጣል። ፓስወርድ በእጅ መጻፍ ቀረ። ኒክ ባስመዘገባችሁበት ቀን ይሄን አድርጉ። እንደኔ አትዘግዩ።

ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበትን ፓስወርድም እዚህ አትጠቀሙ።

ጥቅምት 27

ክላየንት ሳልጠቀም መግባት ይቻላል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ኔትካት በሚባል፣ የጻፍኩትን እንዳለ ወደ ሰርቨር በሚልክ ቀላል ፕሮግራም ሊቤራን በፖርት 6667 ጠራሁት፤ ይህኛው መስመር ያልተመሰጠረ ስለሆነ ለሙከራ ብቻ ነው። ሁለት መስመር በእጄ ጻፍኩ፦ አንዱ ኒኬን፣ ሌላው የተጠቃሚ ስሜን የሚናገር። ሰርቨሩ 001 ብሎ ተቀበለኝ። ቀጥሎ ረጅም ሰላምታ ወረደ።

ትንሽ ቆይቶ «ፒንግ» የሚል መስመር መጣ። ሰርቨሩ «አለህ?» እያለ ነው። እኔም «ፖንግ» ብዬ ከፒንጉ ጋር የመጣውን ቃል መመለስ አለብኝ። መለስኩ። ደግሞ መጣ፣ መለስኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ግንኙነቱ ተቆርጧል። ቻናል ላይ ሰዎች «ፒንግ ታይምአውት» ብለው ሲወጡ የማየው ይሄ ነው ለካ። ሰፈራችን መብራት በሄደ ቁጥር እኔም እንደዚሁ ነው የምወጣው፤ ለደቂቃዎች ያለሁ መስዬ እቆያለሁ፣ ከዚያ ሰርቨሩ ተስፋ ይቆርጣል።

እንደገና ገብቼ የሙከራ ቻናል ከፈትኩ። በዊቻትም በሌላ ኒክ እዚያው ገባሁ። ከዚያ በኔትካት በኩል አንድ ረዘም ያለ የአማርኛ አንቀጽ ላክሁ። በዊቻት ሳየው ከግማሽ በታች ነው የደረሰው። ቀሪው የለም።

ሁለት ማታ ፈጀብኝ፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የአይአርሲ አንድ መልእክት ከነአድራሻው ከ512 ባይት አይበልጥም። ይሄ የአይአርሲን አሠራር በሚገልጸው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰነድ ላይ ያለ ልክ ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል። የኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ ስምንት (ዛሬ ጽሑፍ ወደ ባይት የሚቀየርበት አሠራር) ሦስት ባይት ነው። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት፣ በላቲን ሲጻፍ አምስት። ላኪውንና ቻናሉን የሚገልጸው ክፍል ከተቀነሰ በኋላ ለኛ የሚተርፈው ከ140 ፊደል ብዙም አያልፍም። ሁለት ነጥብ በቃላት መሀል የምታደርጉ ካላችሁ ደግሞ እሷም ሦስት ባይት ናት፤ ባዶ ቦታ ግን አንድ። ዊቻት ረጅሙን ራሱ ከፋፍሎ ስለሚልክ ይሄን ሳላውቅ ቆይቻለሁ።

አይአርሲ ሲወለድ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ራሱ ገና አልወጣም ነበር። የኛ ፊደል እዚያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ አይአርሲ ከተወለደ ከ11 ዓመት በኋላ። ያኔ ስለኛ ያሰበ ሰው ባይኖር አይገርምም።

ኅዳር 6

ዛሬ ያገኘሁትን ግን ልነግራችሁ ቸኩያለሁ። አንዱን ኒክ መጨረሻው ላይ የማዕዘን ቅንፍ ( ] ) አድርጌ ገባሁ። በሁለተኛው ግንኙነት ያንኑ ስም በጠማማው ቅንፍ ( } ) ጻፍኩ። ሰርቨሩ 433 አለኝ፤ «ስሙ ተይዟል»። ለሰርቨሩ ሁለቱ ቅንፎች አንድ ናቸው! አንዱ የሌላው ትልቅ ፊደል ነው።

ምክንያቱ ፊንላንድ ነው። ያኔ ኮምፒውተሮቻቸው ላይ በቅንፎቹ ቦታ የሚታየው የራሳቸው ፊደል ነበር፤ በላያቸው ነጥብና ቀለበት ያላቸው አናባቢዎች። በማዕዘን ቅንፉ ቦታ ትልቁ፣ በጠማማው ቦታ ትንሹ። ስማቸውን በፊደላቸው እንዲጽፉ ሕጉ ውስጥ አስገቡት። ያ ሕግ ዛሬም ሊቤራ ላይ ይሠራል፤ ይኸው አዲስ አበባ ተቀምጬ አየሁት።

ኒኬ በአማርኛ አልሆን ያለኝ ቀን የተሰማኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ቀለለኝ። እነሱ የጻፉት ከፊደላቸው ተነስተው ነው። የኛ ፊደል ኒክ ላይ ባይገባም መልእክቱ ውስጥ ይገባል። 140 ፊደል ይበቃናል፤ አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ይናገራል።

ኅዳር 15

አራት ሆነን ሊቤራ ላይ የአማርኛ ቻናል ከፈትን። ስሙ በሁለት መሰላል ነው የሚጀምረው፤ እዚያ ባለ አንዱ መሰላል ለታወቁ ፕሮጀክቶች የተተወ ነው፣ ባለ ሁለቱ ለማንኛውም ሰው። ቻንሰርቭ በሚባለው የቻናል መመዝገቢያ አገልግሎት ላይ አስመዘገብነው። ሦስታችን አዲስ አበባ ነን፣ አንዷ ዱባይ። እሷም የሰዓት አቆጣጠራችንን ታውቃለችና «3 ሰዓት» ስንል አንሳሳትም።

ዜድኤንሲ የሚባለውን ባውንሰርም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ፤ እኔ ስወጣ እሱ በስሜ ቆይቶ የተባለውን ይይዝልኛል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፤ ራውተሩ ግን ይጠፋል። ለሱ ትንሽ ባትሪ እየፈለግሁ ነው።

ማታውን የጨረስነው የቻናሉን ርዕስ ስንጽፍ ነው፤ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ልኩ 390 ባይት ነው፣ ለኛ 130 ፊደል ገደማ። የመጀመሪያው ረቂቃችን «ጥያቄህን ወይም ጥያቄሽን ጻፍ ወይም ጻፊ» እያለ ልኩን አለፈ። ዱባይ ያለችው ልጅ «በብዙ ቁጥር አድርጉት፤ አክብሮቱም ይኖራል፣ ቦታውም ይተርፋል» አለች። አሁን ርዕሱ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም። ጥያቄ ያላችሁ በቀጥታ ጻፉ፤ መልስ እስኪመጣ ቆዩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሰው አለ።»