ክረምት ልጆች ይዛችሁ አዲስ አበባ ስትመጡ፦ ፈርንን ከነመኖሪያው አሳዩአቸው

ሐምሌና ነሐሴ ከውጭ ልጆች ይዞ የገባ ወላጅ በዝናቡ ይማረራል። ፈርን የሚባለው፣ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ላባ የሚመስል የጥላ ተክል ግን በደንብ የሚታየው ያኔ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ መንሸራሸር የለመደ ልጅ ቅጠሉን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ለምን እዚያ እንደበቀለ ነው። ስለዚህ ከቅጠሉ በፊት ቦታውን አስፈልጉት።

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ዛፍ ያጠላበት አሮጌ የድንጋይ አጥር ፈልጉ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት ውጡ። ልጁ ፀሐይ የሚመታውን ድንጋይ በእጁ ይንካ፤ ቀጥሎ ጥላ ያለበትን። ፈርን ካለ የሚገኘው እርጥበት ከያዘው ጎን፣ ስንጥቅ ውስጥ ወይም አሸንዳ የሚያፈስበት ሥር ነው። እጁን ከመስደዱ በፊት ግን ሳማን አሳዩት፤ እሱም እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ውጭ ያደገ ልጅ ደግሞ ላያውቀው ይችላል። ቀበናና ግንፍሌ ወንዝ ዳር አታውርዱ፤ ውሃው ቆሻሻ ነው።

ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በስፖር፣ ማለትም ዱቄት በሚመስል ደቃቅ የመራቢያ ቅንጣት ነው። ስፖሩ እርጥብ ቦታ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ከጥፍር የማይበልጥ፣ የልብ ቅርጽ ያለው ስስ አረንጓዴ ነገር ይሆናል። እዚያ ላይ የወንዱ ሕዋስ ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በውሃ ዋኝቶ ነው። እርጥበት የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ድንጋዩን ሁለተኛ ጊዜ ያዩታል።

ቅጠሉን ገልብጡት። በሥርዓት የተደረደሩት ቡናማ ነጥቦች የስፖር ከረጢቶች ናቸው። ብዙ ወላጅ በሽታ ወይም ተባይ ይመስለዋል፤ ተባይ ግን ያለ ሥርዓት ይበተናል፣ ግንዱም ላይ ይወጣል። ነጥቡ አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም፤ ተቀዶ ከጠቆረና ባዶ ከሆነ አልፎበታል። ቡናማውን ምረጡ፤ አንድ ቅጠል ብቻ በመቀስ ቁረጡ። መንቀል ተክሉንም አጥሩንም ይጎዳል።

ቅጠሉን ነጥቡን ወደ ታች አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስተኙት፤ በመጽሐፍ ሸፍኑትና ነፋስ በማይገባበት ቦታ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ሲነሳ የቅጠሉ ቅርጽ በዱቄት ተስሎ ይገኛል። ምንም ካልወረደ ቅጠሉ አልደረሰም ወይም አልፎበታል ማለት ነው።

ማብቀል ለሚፈልግ፦ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቁረጡ፣ ሦስት ጣት ያህል አፈር ጨምሩ፣ የፈላ ውሃ አፍሱበት። ሲቀዘቅዝ ዱቄቱን በቢላ ጫፍ ቆንጥራችሁ በትኑ፣ መልሳችሁ ግጠሙት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይነካው መስኮት አጠገብ አኑሩት። የፈላውን ውሃ የዘለለ ሻጋታ ያገኛል። ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ደግሞ ይቀቅለዋል። ዱቄት ሲበዛ ደግሞ ቡቃያው ተጨናንቆ ይቀጭጫል። አረንጓዴው በሳምንታት ይታያል፤ የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቅጠል ግን ወራት ትፈልጋለች፤ የእናንተ ፈቃድ ያኔ ያልቃል። አፈርና ተክል ይዞ ድንበር መሻገር ብዙ አገር ስለማይፈቀድ ሃይላንዱ አያት ቤት ይቅር፤ በየሳምንቱ እሑድ በቪዲዮ ያሳዩት።

የተጠቀለለውን ለጋ ቡቃያ ማንም አይቅመስ፤ መርዛማ ዓይነቶች አሉ። ቄጤማም ፈርን አይደለም፤ ልጆች ቡና ሲፈላ አይተው ይጠይቃሉ።

ጫካውን እንዳለ ለማየት ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውጡ፤ ግማሽ ቀን መድቡለት። ሜሪላንድ ስትመለሱ ታኅሣሥ ላይ የገና ፈርን የሚባለውን ፈልጉ፤ ሌላው ቅጠል ረግፎ እሱ አረንጓዴ ነው። ልጁ ገልብጦ ይየው።