ማረም ያልነበረብኝ ስህተት

ትናንት እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያስመሸኝ የሌላ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አላጣም ነበር። ከዓመታት በፊት በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት የ6502 ፕሮሰሰር ሲሙሌተር (የቺፑን ሥራ የሚያስመስል ፕሮግራም) በአዲሱ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይረው ፕሮግራም) ላይ የማስጠንቀቂያ መዓት ስለሚያወርድብኝ ያንን ለማጥራት ነበር የተቀመጥኩት፤ እጄን ካስገባሁ አይቀር ብዬ ግን የተደጋገመውን ኮድ ሁሉ ወደ ማሳጠር ገባሁ። 6502 ሞስ ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው፣ አፕል 2ም የተሠራበት ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ሲሆን፣ የሚደርሰው 65,536 ባይት ሜሞሪ ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አጥርቶ ሊያውቀው የሚችል ነገር ይመስላል። እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ከሜሞሪ ላይ ባለ ሁለት ባይት አድራሻ የማንበቡ ሥራ በአምስት ቦታ ተበትኖ ስላገኘሁት በአንድ ፈንክሽን ጠቀለልኩት። ከአምስቱ አንዱ፣ መድረሻውን ከሜሞሪ አንብቦ የሚዘለው ትእዛዝ፣ ለብቻው ወጣ ያለ አጻጻፍ ነበረው፤ ሁለተኛውን ባይት ሲያነብ ከያዘው ገጽ፣ ማለትም ከያዘው የ256 ባይት የሜሞሪ ክፍል፣ እንዳይወጣ አድራሻውን ይቆርጠዋል። የጀማሪነት ዘመኔ ስህተት ነው ብዬ፣ ትንሽም አፍሬበት፣ አጠፋሁት። የኮዱን ትክክለኛነት የሚፈትሹት የነበሩኝ ሙከራዎች ሁሉ አለፉ።

ማታ አንድ የቆየ ጨዋታ በሲሙሌተሩ ላይ ስከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የድሮውና የአዲሱ ቅጂ የፈጸሟቸውን ትእዛዞች ጎን ለጎን አድርጌ መስመር በመስመር ሳስተያይ፣ መንገዳቸው የተለያየው እዚያችው ዝላይ ላይ ነው። መድረሻው የተቀመጠው ከ4351 ጀምሮ ነበር። ሜሞሪው በ256 ባይት ገጾች ስለሚከፈል 4351 የገጹ መጨረሻ ነው፤ እንደ ደንቡ ሁለተኛው ባይት ከ4352 መነበብ ሲገባው፣ እውነተኛው 6502 የአድራሻውን የታችኛውን ባይት ብቻ በአንድ አሳድጎ ትርፉን ወደ ላይኛው ስለማያሻግር፣ ወደ ገጹ መጀመሪያ ተመልሶ ከ4096 ያነባል። የጨዋታው ጸሐፊ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ የሚያስፈልገው ባይት የተቀመጠው እዚያ ነበር። ያጠፋሁት መስመር የቺፑን ጉድለት እንዳለ የሚያስመስል መስመር ኖሯል። ጉድለቱ የታረመው ኋላ በመጣው 65ሲ02 ሲሆን፣ ትእዛዙም በዚያ ምክንያት ከ5 ሳይክል (የቺፑ የሰዓት ምት) ወደ 6 ከፍ ብሏል።

ሙከራዎቼ ያላስጠነቀቁኝ ቺፑ ምን ማድረግ እንደነበረበት እንጂ ምን እንደሚያደርግ ስለማይጠይቁ ነው። ያኔ ከኮዱ ጋር የተውኩት ማስታወሻም «ማስተካከያ» የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ሰው ለራሱ ሲጽፍ እንዲህ መሰሰቱ ያስገርማል።

መስመሩን መልሼ፣ ከ4351 የሚነሣ ሙከራና የሦስት መስመር ማብራሪያ ጨመርኩበት። ቀጣዩ ተራ የአስርዮሽ መደመሩ፣ ማለትም አንድ ባይት ሁለት የአስርዮሽ አሃዝ ይዞ የሚደመርበት ስልት፣ ነበር። በዚያ ስልት 99 ላይ 1 ሲደመር ውጤቱ 00 ሆኖ ሳለ ውጤቱ ዜሮ መሆኑን የሚያመለክተው የቺፑ ምልክት ሳይበራ ይቀራል፣ ምልክቱ የሚወሰደው ከሁለትዮሽ ድምሩ ነውና። ኮዱ አስቀያሚ ነው። ሙከራ ሳልጽፍለት ግን አልነካውም።