ጓይ ትሉ የሚተነፍስበት ቧንቧ

ባለፈው ታህሳስ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ያለው የአጎቴ ሽምብራ ውስጥ እሸት ልነቅል ገብቼ አንድ ጓይ ትል አየሁ፣ ተክሉ ጫፍ ላይ በኋላ እግሮቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱ ወደ መሬት፣ በእንጨት ነካ ሳደርገው ቆዳው ፈርጦ ቡናማ ውሃ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ወረደ። አጎቴ "ማነው መድኃኒት የረጨው?" አሉ፣ ማንም አልረጨም። ማታ ስለሱ ሳነብ አደርኩ።

የገደለው ባኩሎቫይረስ የሚባል ነፍሳትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ሰው አይነካም፣ ትሉን ግን እንዲህ አሟሙቶ ይጨርሰዋል። እኔን የገረመኝ በየት በኩል እንደሚሰራጭ ነው።

ትል ሳንባ የለውም። ጎንና ጎኑ ላይ 9 ጥንድ ነጠብጣብ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉት (በስልክ ካሜራ ዙም አድርጋችሁ እዩት፣ ቁልጭ ብለው ይታያሉ)፣ ከዛ የሚነሱት የአየር ቧንቧዎች እየተከፋፈሉ እየቀጠኑ ጡንቻውም አንጀቱም ጋ ይደርሳሉ፣ ኦክስጅኑን የሚያደርሰው ደሙ ሳይሆን ቧንቧው ራሱ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪምና ተመራማሪ ማልፒጊ በ1669 እ.ኤ.አ. ስለ ሐር ትል ሲጽፍ ቀዳዳዎቹ ዘይት ሲቀቡ ትሉ ታፍኖ እንደሚሞት አሳይቷል።

ቫይረሱ ከቅጠል ጋር ተበልቶ ይገባና መጀመሪያ የአንጀቱን ሴሎች ይይዛል። ከአንጀቱ ጀርባ ግን በቀላሉ የማያልፈው ስስ ሽፋን አለ፣ ያንን ሽፋን በስተው የሚገቡት ደግሞ የአየር ቧንቧ ሴሎች ናቸው፣ ስለዚህ እነሱን ይበክልና ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው እያለ መላ አካሉን ያዳርሳል። በአየሩ ውስጥ እየተነፈሰ አይደለም የሚሄደው፣ ቧንቧውን በሠሩት ህያው ሴሎች ነው። ደግሞ ስሙኝማ፣ የነፍሳት አካል አንዱ ቦታ ኦክስጅን ሲያጥረው "ቧንቧ ወደዚህ ይምጣልኝ" የሚል የፕሮቲን መልእክት ይልካል፣ ቫይረሱ የዚህኑ ፕሮቲን ዓይነት የሚሠራ ጂን የራሱ አለው! ትሉ አየር ለማግኘት የሚጣራበትን ድምፅ ቫይረሱም ይጣራበታል ማለት ነው፣ ተመራማሪዎች ይህን ጂን ያወጡበት ቫይረስ ትሉን ለመግደል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። ይሄን ሳነብ ሌሊት 8 ሰዓት ነበር፣ ተነስቼ ሰው መቀስቀስ አማረኝ።

ጠዋት ለአጎቴ "ጋሼ፣ የሞቱትን አይልቀሟቸው፣ ፈሳሹ ታች ቅጠል ላይ ሲወርድ ሌሎቹ ይበሉታል፣ ፀሐይ ቶሎ ያደክመዋል እንጂ ጥላ ያለበት ይቆያል" አልኳቸው። መርጫውን ጓዳ መለሱት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዛው ጥግ ላይ ሌሎች 7 ተንጠልጥለው አገኘን።